ጎጆዬ ከሐይቁ ጋር ተጣበቀች

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ነው። 1.8 በ2.4 ሜትር የሆነች የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ከኮምፔንሳቶ ሠርቼ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ወለሏ ተጣበቀ፤ ጣሪያዋም ያንጠባጥባል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ወለሉን በቀጥታ በረዶው ላይ አሳርፈውታል። የጋዝ ማሞቂያው ሲነድ ሥሩ ይቀልጣል፤ ሲጠፋ መልሶ ይረጋል። አሁን ዙሪያውን በመሮ እየፈለፈሉ ያላቅቁ፤ ግድግዳውን ይዘው አይጎትቱ፣ ማዕዘኑ ይከፈታል። ከዚያ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ስድስት የሞራሌ ቁራጮች ከሥር ይደልድሉ፣ አራቱን በማዕዘኖቹ፣ ሁለቱን በረጃጅሞቹ ጎኖች መሐል። ቁራጮቹም መስመጣቸው ስለማይቀር በየሳምንቱ በክሪክ አንስተው ያዛውሯቸው። ከወለሉ ሥር 2.5 ሳንቲ ሜትር ፎም ቢለጥፉ መቅለጡ ይቀንሳል።

የጣሪያው ውሃ የመጣው ከዝናብ አይደለም፤ ከጋዙ ነው። 1 ኪሎ ፕሮፔን (የማሞቂያው ጋዝ) ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ኮምፔንሳቶ ላይ ሲደርስ ጠብታ ይሆናል። ጣሪያውንም በፎም ይሸፍኑ፤ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ፣ እያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ይክፈቱ። ብርድ ገባ ብለው ጨርቅ እንዳይወትፉበት! ጋዙ ሲነድ ሊወጣ የሚችለው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፤ በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ይስቀሉ።

ጎጆዋ ሌሊት ሰው ሳይኖርባት የምታድር ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ በየጎኗም አንጸባራቂ ይለጥፉ።