መልስ፦ ጽሕፈት የተፈጠረው ለመዝሙር ነው ወይስ ለሂሳብ?

ወንድሜ፣ ሱመሮች (በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ የኖሩ የጥንት ሕዝብ) ጽሕፈትን የፈጠሩት ለአማልክቶቻቸው መዝሙር ለመጻፍ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም ድሮ እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን የሂሳብ ጉዳይ ነው።

ኡሩክ የምትባለው የሱመሮች ከተማ ፍርስራሿ ዛሬ ደቡብ ኢራቅ ውስጥ ነው። እዚያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3300 ገደማ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ገብስ፣ ስለ ቢራ፣ ስለ በግና ስለ ሠራተኛ ቀለብ ነው። ማን ስንት ወሰደ፣ ስንት ቀረ፤ በቃ። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር በለው።

አጻጻፉን ደግሞ እየው። እርጥብ ጭቃ በመዳፍ ይጠፈጠፍና በሸምበቆ ምልክት ይደረግበታል። «መብላት» ለማለት የሰው ጭንቅላት ይሥሉና አፉ ጋ ጎድጓዳ ሳህን ያስጠጉለታል። እንደዚያ ያለ ሻካራ ሳህን በቁፋሮ በሺዎች ወጥቷል። ብዙ ተመራማሪዎች የቀለብ መስፈሪያ ነበር ይላሉ።

ጭቃ ላይ ክብ መስመር መጫር ደግሞ ያስቸግራል (ሞክረው!)፤ ተጭኖ ማተም ይቀላል። ሥዕሉ ቀስ በቀስ ወደ ሽብልቅ ቅርጽ የተቀየረው ለዚህ ነው። መዝሙሩና ተረቱ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።