የብር ሳንቲም ቀለም፦ በጊዜ የመጣ ወይስ ሰው የሠራው?

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ የብር ሳንቲም ገዛሁ፤ ፊቱ በሙሉ ደማቅ ሰማያዊ ነው። ሻጩ «አልበም ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነው» ይላል። ልመነው? ወይስ አጥቤ ላጽዳው?

መልስ፦ ማጠቡን ለጊዜው ይተዉት። ብር ላይ የሚታየው ቀለም፣ ከአየር ወይም ከካርቶን የወጣ ድኝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሠራው እጅግ ስስ የሰልፋይድ ሽፋን ነው። ብርሃን ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ሲንጸባረቅ፣ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ኅብረ ቀለም ያወጣል። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ በተራ ይለወጣል፦ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ ከዚያ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ።

አልበም ውስጥ የቆየ ሳንቲም ካርቶኑን የሚነካው በጠርዙ ስለሆነ፣ ሰማያዊው ጠርዙ ላይ ይሆንና ወደ መሃል ሲገቡ ወይን ጠጁ፣ ወርቃማውና ቢጫው በተራ ይከተላሉ። ወጥ ሰማያዊ ከሆነ ወይም ከሰማያዊ በቀጥታ ወደ ነጭ ብር ከዘለለ የሻጩ ታሪክ አይገጥምም።

አሁን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽርና በአንድ መብራት ሥር ሳንቲሙን ቀስ አድርገው ያዘንብሉት። በጊዜ የመጣ ቀለም ከማተሚያው ይዞት የወጣውን ነጸብራቅ አይሸፍንም፤ ብርሃኑ ከቀለሙ ሥር ሲዞር ይታያል። በኬሚካል የተቀባው ብዙ ጊዜ በፊደላቱ ግርጌ ይጠራቀማል፣ የጠብታ ምልክትም ይተዋል። በተለይ ጭረቶቹን ይዩ። ከቀለሙ ሥር በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጸጉር መሳይ መስመሮች ካሉ፣ ሳንቲሙ ተወልውሎ ያንን ለመደበቅ ቀለም ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የምጠራጠረው ይህን ነው።

ቀጥሎ አሴቶን፣ ማለትም ቅባትና ቫርኒሽ የሚያሟሟ ፈሳሽ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሌላ ነገር ስለሚቀላቀልበት ንጹሕ አሴቶን ብቻ ይጠቀሙ። መስኮት ከፍተው፣ ከእሳት ርቀው፣ በብርጭቆ ዕቃ ለ10 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ በሌላ አዲስ አሴቶን አለቅልቀው ሳይፈትጉ ራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። አሴቶን ሰልፋይድን አይነካም፤ የሚያስለቅቀው ቫርኒሽ፣ ከላይ የተቀባ ቀለምና ቅባት ነው። ጭረት ለመሸፈን የተቀባ ነገር ካለም እዚህ ላይ ይጋለጣል። ቀለሙ ባይለቅ ግን ነጻ ወጣ ማለት አይደለም፤ በድኝ ኬሚካል በጥቂት ደቂቃ የተሠራውም ሰልፋይድ ነውና አይለቅም።

ለብር ማጽጃ የሚሸጠው፣ ታዮዩሪያ የተባለ ኬሚካልና አሲድ ያለበት ፈሳሽ ቀለሙን በሰከንዶች ያነሳዋል። ሰልፋይድ የሆነው ብር ግን የሳንቲሙ የራሱ ቆዳ ነው፤ አብሮ ይሄዳል። ሽፋኑ ሰማያዊ እስኪሆን የወፈረ ከሆነ ከሥሩ የሚወጣው ፊት የደበዘዘ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋውን ነጸብራቅ የሚመልስ ነገር የለም።

የሳንቲሞችን እውነተኛነትና ደረጃ የሚመረምረው ድርጅት ፒሲጂኤስ (PCGS) አጠራጣሪ ቀለም ላለው ሳንቲም 91፣ ለተወለወለ 92፣ ፊቱ ሆን ተብሎ ለተለወጠ 94 የሚል መለያ ይሰጣል እንጂ የቁጥር ደረጃ አይሰጥም። ስለዚህ አሴቶን ከመንካትዎ በፊት የሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ሳንቲሙን ለመመለስ ከወሰኑ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩት በእሱ ነው።