የናስ ባትሪ ሠርቼ ብሸጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የድሮ የእጅ ባትሪ እሰበስባለሁ። አሁን በዚያው መልክ ከናስ እየሠራሁ ለሰብሳቢዎች ልሸጥ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአንድ ሞዴል ጀምር፤ አሥር ፍሬ ይበቃል። እኔን መጀመሪያ ጉድ የሠራኝ ማብሪያው ነው። ቀፎውን እንደ መስታወት ወልውዬ ማብሪያውን ርካሽ ገዛሁ። ገዢው ገና ሲነካው «ይሄ ቀጭ አይልም» ብሎ መለሰልኝ። ልክ ነበር!

ነጭ ኤልኢዲ አምፖል አታስገባ፤ መልኩን ይገድለዋል። 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ገደማ ያለው ቢጫማ ብርሃን ይሻላል። ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተደራርበው 3 ቮልት ይሰጡሃል። ስትልክ ግን ድንጋዩን አውጣ፤ ካፈሰሰ ናሱን ይበላዋል። የሠራህበትን ዓመት ከሥሩ ቅረጽ፤ ነገ አንዱ «የ1920ዎቹ ነው» ብሎ እንዳይሸጠው።