ነጭ ውሃ ግድግዳ ያሳጥራል

አንድ የመስኖ ግድብ ጠባቂ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ትርፍ ውሃ የሚወርድበት ማስተንፈሻችን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ነሐሴ ላይ ውሃው ሲገባ የጎን ግድግዳውን ግማሽ እንኳ አይደርስም። መሃል ላይ ግን በጎን እየዘለለ የግድቡን አፈር ይበላል። መሐንዲሱ ውሃው ከስሌቱ አላለፈም ይላል። አምና በብሎኬት ከፍ አድርገነው ነበር፤ ፈረሰ።»

ወንድሜ፣ መሐንዲሱም አልዋሸም፣ አንተም ዓይንህ አላታለለህም። የላክኸውን ፎቶ አይቼ የምጠረጥረው አየር ነው። ግድግዳው የተለካው ለጥርት ያለ ውሃ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ውሃ እየወረደ ደረጃው ላይ እንዳትረግጥ።

ይቺን ነገር ማስረዳት እወዳለሁ፣ ታገሰኝ። ውሃው ሲገባ ፊቱ እንደ መስታወት ነው። ከታች ግን የየደረጃው ጠርዝ ያተራምሰዋል። ትርምሱ መጀመሪያ ወለሉን ይዞ የሚሄድ ስስ ነገር ነው። ደረጃ በወረደ ቁጥር እየወፈረ ይመጣል። የውሃው ፊት ላይ ሲደርስ መስታወቱ ይሰበራል። ጠብታው ወደ ላይ ይዘላል፤ ሲመለስ አየር ይዞ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ነጭ ነው። ድራፍት ቀጂው ሲቸኩል ጃምቦው አረፋ ሞልቶ ይፈሳል፣ ቢራው ግን ግማሽ ነው አይደል? እሱ ነው። 30 ሳንቲ ውሃ ውስጥ አየሩ ከድብልቁ 40 በመቶ ከሆነ ውሃው 60 በመቶ ነው፤ 30ን ለ0.6 አካፍል፤ 50 ሳንቲ ሆነ። አየሩን ግን አትጥላው። በትልልቅ ግድቦች ኮንክሪቱን ከመቦርቦር የሚያድነው እሱ ነው።

አሁን በደረቁ ለደረጃዎቹ ቁጥር ጻፍ፤ ግድግዳውንም በየ10 ሳንቲው በቀለም አስምር። ጎርፍ ሲመጣ ከዳር ሆነህ በሞባይል ቅረጽ። የሚዘለው ነጩ ከጀመረበት ደረጃ በታች ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። በላይ ከሆነ መግቢያው በግንድ ወይም በደለል ታፍኖ እንደሆነ እይ። ጎርፉ ሲበረታ ነጩ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ታች ይሸሻል፣ ስለዚህ የአንድ ቀን ቪዲዮ አይበቃም።

ብሎኬቱን አንሳው። ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር ጎርፍ ፊት ይቆማል ብሎ የመከረህ ማን ነው? ነባሩ ግድግዳ ላይ ፌሮ ሰክተህ ኮንክሪት ሙላ። ጎኑ አፈር ስለሆነ ከአረፋው ከፍታ አንድ ተኩል እጥፍ ያዝ፤ በምሳሌያችን 75 ሳንቲ መሆኑ ነው። የራስህን ቁጥር መሐንዲሱ ያስላልህ። የተበላውን አፈር በስሱ እያነጠፍክ፣ ውሃ እየረጨህ ጠቅጥቅ።

ደግሞ ፎቶው ላይ የማያቸውን አራት ደረጃዎች በልስን ሞልቶ ያለሰለሰው ማነው? ያውም አፈር በበዛበት ርካሽ አሸዋ! ደረጃው የተሠራው የውሃውን ጉልበት እንዲሰብር ነው። አለስልሰኸው ስታበቃ ጉልበቱ የማስተንፈሻው እግር ሥር ይቆፍራል። ልስኑን አራግፈው።

እንደገና ልበል፦ ውሃ እያለ ደረጃው ላይ ማንም አይውጣ። አየር የበዛበት ውሃ ሰው አያንሳፍፍም፤ ጎበዝ ዋናተኛም ይሰምጣል። ክረምት ሳይገባ ዳርና ዳሩን አጥር፤ ልጆች ነጩን ውሃ ሲያዩ መግባት ያምራቸዋል።