የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለጀማሪ ጊታር የሚቀለው ዘፈን የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጊታር ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ጂ እና ዲ ኮርዶችን ይዣለሁ። ትዝታ ቀስ ያለ ስለሆነ ይቀለኛል ብዬ ሞከርኩ፤ አራቱን እያፈራረቅኩ ሳጅበው ግን ከዜማው ጋር ይጋጭብኛል። ጥፋቱ የእጄ ነው? (ጀማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የኮርድ ምርጫዎ ነው። ትዝታ ማይነር ከኢ ሲነሳ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፦ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ቢ እና ሲ። ዲ እና ኤ የሉበትም። ዲ ኮርድ የተሠራው ደግሞ ከዲ፣ ከኤፍ ሻርፕና ከኤ ነው፤ ጂ ኮርድ ውስጥም ዲ አለ። እነዚህ አራት ኮርዶች ብዙ የውጭ ፖፕ ዘፈን ያስኬዳሉ፤ ትዝታ ላይ ሲመጡ ግን ዲ እና ጂ ቅኝቱን ያፈርሳሉ።

ኢ ማይነር እና ሲ ሜጀር ሰቨን ብቻ ይያዙ፤ ሁለቱም ከአምስቱ ድምፆች አይወጡም። ለኢ ማይነር ጠቋሚ ጣትዎን 5ኛው ክር፣ መሐል ጣትዎን 4ኛው ክር ላይ፣ ሁለቱንም 2ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶች የተከፈለ ቦታ) ላይ ያድርጉ። ወደ ሲ ሜጀር ሰቨን ሲያልፉ መሐል ጣትዎ ከቦታው አይነሳ፤ ጠቋሚው ይነሳና የቀለበት ጣትዎ 5ኛው ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይረፍ። 6ኛውን ወፍራም ክር አይምቱት። መምህራን ኢ ማይነርን በመሐልና በቀለበት ጣት የሚያስይዙበት ጊዜ አለ፤ ያ አያያዝ ስህተት ባይሆንም ለዚህ ሽግግር ሁለቱንም ጣት ያስነሳዎታል።

ቀስ ማለትም ዘፈንን አያቀልም። በደቂቃ 70 ምት የሚሄድ ዘፈን በየሁለት ምቱ ኮርድ ከቀየረ ለሽግግር ሁለት ሰከንድ እንኳ አያገኙም። 120 ምት የሚሮጠው፣ አንዱን ኮርድ ለስምንት ምት የሚይዝ ከሆነ፣ አራት ሰከንድ ይሰጥዎታል። ስለዚህ ዘፈኑን ሲመርጡ ጊታሩን አስቀምጠው ያዳምጡ፤ ባስ ጊታሩ ድምፅ በቀየረ ቁጥር ጠረጴዛ ይምቱ። ከዚያ የሰዓት ቆጣሪ ይዘው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ በንጹሕ ድምፅ መቀያየር እንደሚችሉ ይቁጠሩ። 30 ካልደረሱ በየሁለት ምቱ የሚቀይረውን ለጊዜው ይተዉት።

አምባሰልም ቢሆን አያስፈራም። ከኢ ሲነሳ በኤ ማይነርና በኤፍ ሜጀር ሰቨን ይታጀባል፤ ባር ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክር በአንዴ የሚጫንበት አያያዝ) አይፈልግም። መነሻው ኢ ነው ብለው ኢ ሜጀር እንዳይመቱ ብቻ ይጠንቀቁ፤ በውስጡ ያለው ጂ ሻርፕ የቅኝቱ አይደለም። አንቺሆዬን ግን አሁን አይንኩት።

ጥያቄ፦ የችክችካ ምት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋብኛል፤ እጄም ይዝላል። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ ችክችካ በስድስት ይቆጠራል፤ ስድስቱንም ምት በእኩል ኃይል እየመቱ ይመስላል። በግራ እጅዎ ክሮቹን በስሱ ዳብሰው ድምፅ አልባ ያድርጉና እስከ ስድስት እየቆጠሩ 1 እና 4 ላይ ብቻ ወደ ታች ይምቱ። ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን) በደቂቃ 50 ላይ ያድርጉት፤ አንዱ ምቱ ሦስት ቁጥር ይይዛል። ሲረጋጋ ታች፣ ላይ፣ ታች፤ እንደገና ታች፣ ላይ፣ ታች ብለው ይሙሉት። አንድ ታች አንድ ላይ እያሉ በተከታታይ ከሄዱ 4 ቁጥር ወደ ላይ በሚሄደው እጅ ላይ ይወድቅና ይልፈሰፈሳል፤ ምቱ የሚጠፋብዎት እዚያ ነው። እኛ ያልነው ዘዴ ሁለት ታች ስለሚያገናኝ በጣም ለፈጠነ ዘፈን አያመችም፤ ለጀማሪ ግን ይህኛው ይሻላል። የሚመታው የእጅ አንጓ እንጂ ክርንዎ (የክንድዎ መታጠፊያ) አይደለም፤ ፒኩንም ጨምቀው አይያዙ።

ጥያቄ፦ ለወጣቶች ኅብረት መዝሙር አጅባለሁ። በኢ ማይነር ሲሆን ለዘማሪዎቹ ድምፅ ይወርድባቸዋል፤ ሌላ ኮርድ ደግሞ አልችልም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ይግዙ። እያንዳንዱ ፍሬት ድምፁን በግማሽ ቶን ይጨምራል፤ 3ኛው ላይ አስረው ያንኑ ኢ ማይነር ቢይዙ የሚሰማው ጂ ማይነር ነው። ካፖውን ከፍሬቱ ብረት ጀርባ አስጠግተው ይሰሩት፤ ከራቀ ክሩ ይንጫረራል፣ አለቅጥ ከጠበቀ ደግሞ ድምፁ ይሾላል። ካሰሩ በኋላ ጊታሩን እንደገና ይቃኙ።