ጨው የማይበግረው ሃርዱፍ፦ ለአሽዶድም ለቤር ሸቫም

አሽዶድ፣ አሽቀሎን ወይም ነታንያ ባሕር ዳር ግቢ ያላችሁና ጽጌረዳው እየተቃጠለ ያስቸገራችሁ፣ ሃርዱፍ ትከሉ። ሌላ ቦታ ኦሊያንደር የሚባለው አበባማ ቁጥቋጦ ነው። ቤር ሸቫ ላላችሁም ይሆናል። አያያዙ ግን ይለያያል፦ ባሕር ዳር ጨውን ነፋስ አምጥቶ ቅጠል ላይ ያሳርፈዋል፤ ወደ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ከመስኖው ውሃ ጋር መጥቶ ሥሩ ዘንድ ይጠራቀማል። መርዛም ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ያለበት ቤት ግን ይቅር።

የሚተከለው ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ ነው። ጉድጓዱ ችግኙ ከመጣበት ዕቃ ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከዕቃው አይብለጥ፣ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳልና። ለአጥር ከሆነ በ1.5 ሜትር ርቀት ትከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሙቀት ላይ ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለቴ 10 ሊትር ስጡት።

ባሕር ዳር ብዙ አያስቸግርም። ማዕበል ካለፈ በኋላ ቅጠሉን በጎማ ማጠብ ነው፣ በቃ። አሸዋው ምግብ ስለማይይዝ በዓመት አንዴ ኮምፖስት ጨምሩ።

ቤር ሸቫ ላይ ትልቁ ስሕተት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የጠብታ መስኖው ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ቅጠሉም ከጫፉ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ፣ ሌላ በሽታ አትፈልጉ። ሥር የሰደደውን በየ10 ቀኑ አንዴ በደንብ አጠጡ፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ በወር አንዴ 40 ሊትር ያህል ቀስ ብላችሁ በመልቀቅ ጨውን ከሥሩ በታች አውርዱት። አሽዶድ ላይ ይህን ዝናቡ ይሠራላችኋል፤ ቤር ሸቫ የሚዘንበው በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አይበቃም። ውሃ የሚያቁር መሬት ከሆነ አፈሩን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ያልበሰለ ፍግ ራሱ ጨው አለውና አትጨምሩ።

ጫፉ ላይ የሚሰፍሩትን ቢጫ ተባዮች በኃይለኛ ውሃ እጠቡ። ቅርንጫፉ ላይ እንደ ኪንታሮት ያበጠ ነገር ካያችሁ ግን ባክቴሪያ ነው፤ ከእባጩ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ቁረጡና መቀሱን በአልኮል ጥረጉ።

የሚገረዘው የካቲት ላይ ነው። አበባው የሚወጣው በዚያው ዓመት ቀንበጥ ላይ ስለሆነ ሰኔ ላይ የከረከመ ሰው አበባውን ቆረጠ ማለት ነው። ስትገርዙ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል። የተቆረጠውን አታንድዱ፣ ጭሱም ይመርዛልና። ለሥጋ መጥበሻ እንጨት ማድረግማ አይታሰብም። ለጉንፋን ባሕር ዛፍ የምትታጠኑ በተለይ ልብ በሉ፤ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ያሳስታል። ባሕር ዛፍ ሲያሹት ይሸታል፤ የሃርዱፍ ቅጠል ያ ሽታ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ አንጓ ይወጣል። ሰው ከቀመሰው ማስታወክ እስኪጀምር ሳትጠብቁ 101 (የእስራኤል አምቡላንስ) ደውሉ፤ የሚጎዳው ልብን ነው።