ሐዲዱ ሳይፈታ የካሶኒውን ወለል እኩል ማድረግ

ጠያቂው ወንድማችን ከደብረ ማርቆስ ነው። ያገለገለ ፒካፕ ገዛ። ካሶኒው ውስጥ ተሳቢ የሚያያዝባቸው ሁለት የብረት ሐዲዶች በአግድም ታስረዋል፤ ከወለሉ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ጤፍና ድንች ሲጭን ጆንያ ይቀዱበታል፣ አካፋም ያደናቅፋሉ። ተሳቢውን ግን አልፎ አልፎ ስለሚጎትት ሊፈታቸው አይፈልግም። ጥያቄው ከሐዲዱ ጋር እኩል የሆነ ወለል እንዴት እንደሚያሠራ ነው።

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። እኔም እንዲህ ዓይነት መኪና ይዤ በዳንግላና በባሕር ዳር መሃል እሠራለሁ። ወለሉን ከአንድ ጎበዝ አናጺ ጋር ሆነን ነው የሠራነው፤ እስካሁን አላስቸገረኝም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ወለሉ ወደ ሐዲዱ ይምጣ እንጂ ሐዲዱ ወደ ወለሉ እንዳይመጣ። አንዳንድ ጋራዥ "ሐዲዱን ፈትተን፣ ከሥሩ ጣውላ አንጥፈን መልሰን እንሰረው" ይልሃል። እሺ እንዳትል። ሐዲዱ የካሶኒውን ወለል አልፎ ከሻሲው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። የተሳቢው ጉተታ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ጣውላ መሃል ከገባ በበጋ ይኮማተራል፣ በጭነት ይጨፈለቃል፤ ከዚያ ጥብቅ የነበረው ቡሎን ይላላል። በላላ ሐዲድ ተሳቢ ጎትቶ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ መውረድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። ብረት በብረት ላይ ይረፍ።

ሌላው የሚመጣልህ ሐሳብ ሁሉንም በላሜራ መሸፈን ነው። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ላሜራው ይንኳኳል፣ ከሥሩ ውሃ ይይዛል፣ ከተበየደ ደግሞ አንስተህ ማጽዳት አትችልም። ስለዚህ እኔ ኮምፔንሳቶ እላለሁ። ለኮንክሪት ፎርምዎርክ የሚሸጠው፣ ፊቱ ጥቁር ሽፋን ያለው ውሃ ይችላል። ቺፑድን አታስበው፤ አንድ ክረምት አይዘልቅም፣ እንደ ዳቦ ያብጣል።

አሁን ወደ ልኩ። ውሃ ልክ አትጠቀም፤ መኪናው ራሱ ዘንበል ብሎ ሊቆም ስለሚችል ያሳስትሃል። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋድም። ከቱቦላሬው ሥር እስከ ካሶኒው ወለል ጉብታ አናት ያለውን በመሃልም በዳርም ለካ። ያገለገለ ካሶኒ መሃሉ ስለሚሰረጉድ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከኮምፔንሳቶው 18 ሲቀነስ ከሥሩ ሆኖ ለሚሸከመው ሞራሌ 22 ይቀራል። አናጺው ሞራሌውን በዚያ ልክ ይላገው፤ የተሰረጎደው ቦታ ላይ ትንሽ ወፈር ይበል። ወለሉ ከሐዲዱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ይሻላል። ከፍ ካለ የተሳቢው መያዣ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም።

ሞራሌዎቹ የሚሄዱት በመኪናው ርዝመት ነው፣ በካሶኒው ጉብታዎች ላይ። በጉብታዎቹ መካከል ያሉት ቦዮች ክፍት ይሁኑ፤ ውሃው ወደ ኋላ የሚወጣው በእነሱ ነው። በአግድም ከደረደርካቸው ግን ውሃውን ትገድባለህ። የእንጅባራን ዝናብ ለምታውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በሞራሌና በሞራሌ መካከል ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ አትልቀቅ፤ ኩንታል ሲወረወርበት ኮምፔንሳቶው ይጎብጣል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለና ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ እርጥቡ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ወለሉን በሦስት ክፈለው፦ ከፊት፣ በሐዲዶቹ መካከል፣ ከኋላ። እያንዳንዱ ለብቻው የሚነሳ ይሁን። በእንጨቱና በሐዲዱ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ተው፣ በክረምት ስለሚያብጥ። ጎማው ካሶኒው ውስጥ ጉብ ያለበትን ቦታ መጀመሪያ በካርቶን ቅረጽ፤ ካርቶኑ ልክ ሲገባ ኮምፔንሳቶውን በዚያ ቁረጥ። ከመቁረጥህ በፊት ግን የተሳቢውን መያዣ አምጥተህ ሐዲዱ ላይ ግጠመው። የሚቆለፍባቸው ፒኖች ከጎን ነው የሚገቡት። እዚያ ቦታ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካልተውክ ተሳቢ ባሰርክ ቁጥር ወለል ልታነሳ ነው።

የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ዘይት ቀለም ደጋግመህ ቀባው። ውሃ የሚገባው በፊቱ ሳይሆን በጠርዙ ነው። ኮምፔንሳቶውን ከሞራሌው ጋር የሚያስረው ቪቲ ጭንቅላቱ ጠልቆ ይግባ፣ ጆንያ እንዳይቀድ።

ካሶኒውን አትብሳ። ከሥሩ የነዳጅ ታንክ፣ የፍሬን ቱቦና የመብራት ሽቦ አለ። የፊቱንና የመሃሉን ክፍል ሐዲዶቹ ራሳቸው ያግዷቸዋል። የሚያስቸግረው የኋላው ነው። ከአባይ ወደ ደጀን ስትወጣ ጭነቱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የኋላው ስፖንዳ እስከተዘጋ ችግር የለም፤ ከፍተህ ረጅም እንጨት የምትጭን ከሆነ ግን ካሶኒው ላይ ካሉት ማሰሪያ ቀለበቶች ጋር በሁለት በኩል እሰረው።

የአፈር ማዳበሪያ ከጫንክ ደግሞ በጣም ተጠንቀቅ። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ጆንያው ሲፈነዳ ፍሬው በክፍተቱ ወደ ሥር ይገባል፣ እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ይበላዋል። ካራገፍክ በኋላ ሦስቱንም አንስተህ በብዙ ውሃ እጠብ፣ ሳይደርቅ አትመልሰው። ሐዲዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ቡሎኖቹንም በቁልፍ ሞክራቸው።

የለካኸውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝና የሞራሌውን ውፍረት አብረን እናሰላዋለን።